ከጣሪያው ሥር የተሰማ ሳቅ

ምሳው ተበልቶ ሻይ እስኪቀርብ ድረስ ሁሉም ነገር መልካም ነበር።

የሒሳብ መምህርቷ ከእጮኛዋ ከመሐንዲሱ ቤተሰብ ጋር ማዕድ ስትቀርብ ያ እሑድ የመጀመሪያዋ አልነበረም። እንደዚያ ቀን ተዝናንታ ግን አታውቅም። የመሐንዲሱ አባት ሩዙን ደጋግመው ሲጨምሩላት "ኧረ በቃኝ አባባ!" ለማለት አላፈረችም። ሰፊው ሳሎን፣ ፊት የሚያሳየው ወለል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቤተሰቡ የግንባታ ድርጅት የሠራቸው ሕንፃዎች ፎቶግራፍ እንደ ድሮው አላስጨነቃትም። አጠገቧ የተቀመጠው መሐንዲስ ከጠረጴዛው ሥር በጉልበቱ ጉልበቷን ይነካካል፤ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ የጨዋ ልጅ መስሎ ሰላጣውን ይበላል።

ሻዩ ሲመጣ እናቱ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። እኚህን ሴት በድርጅቱ ውስጥ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው። ባልየው ከብረትና ከሲሚንቶ ጋር ሲሯሯጡ ቢሮውንም፣ ሠራተኛውንም፣ ባንኩንም የያዙት እሳቸው ናቸው።

"ልጄ፣ አንድ የምሥራች አለኝ" አሉ ወደ መምህርቷ ዞረው። "የሠራተኛ አስተዳደር ቢሮው አልቋል። ቀለም ተቀብቷል፣ ጠረጴዛውም ገብቷል። መስኮቱ ወደ አትክልቱ ነው። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ያንቺ ነው።"

መምህርቷ ስኒውን አፏ ጋ እንዳደረሰች ቀረች። "የኔ?"

"ያንቺ ነዋ! እስከ መቼ የጠመኔ ብናኝ ስትምጊ ትኖሪያለሽ? ልጄ አንድም ሳያስቀር ነግሮኛል። ባንድ ክፍል ሰባ ልጅ፣ ጉሮሮሽ እስኪዘጋ መጮህ፣ ሰው በሚያርፍበት ቀን ደብተር ማረም። በቃ! አንቺን የመሰለች ልጅ ለዚህ አልተፈጠረችም።"

መምህርቷ ወደ መሐንዲሱ ዞረች። እሱ ፊቱ በርቶ፣ ስጦታውን ስትፈታ ለማየት እንደቸኮለ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያል።

"አመሰግናለሁ እትዬ። ላስብበት" አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

"ምኑ ነው የሚታሰበው?" ብለው እናቱ ሳቁ።

ሊሸኛት አብሯት ሲወጣ ቀድማው እስከ ውጭው በር ሄደች። የመኪናውን በር ከፈተላት፤ አልገባችም።

"ምነው ቲቸር?" አላት። ከተዋወቁ ጀምሮ የሚጠራት በዚሁ ነው።

"አንተ ነህ እናትህን የጠየቅሃቸው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ። ማታ ማታ ስትደውይልኝ የምትይውን ረሳሽው? 'ሰለቸኝ፣ መረረኝ፣ አናቴ ሊፈነዳ ነው።' ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማሁ። እጄን አጣጥፌ ልይሽ?"

"እና ልትገላግለኝ አሰብክ።"

"ይሄ ምኑ ያስቆጣል?"

"ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲሉህ 'አስተማሪ ናት' ማለት አሳፈረህ። እንደሱ ነው አይደል?"

መሐንዲሱ በጥፊ የተመታ ያህል ክው አለ። ለእሷ ብሎ ስንት ቀን እናቱን ሲለማመጥ እንደከረመ፣ ቀለሙን ራሱ እንደመረጠ ሊነግራት ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"እኔ በማንም አላፈርኩም። ግን ጤነኛ ሰው የሚያስለቅሰውን ሥራ ሙጭጭ አይልም።"

"እንግዲያው ሲጠይቁህ 'በሽተኛ ናት' በላቸው" አለችና ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ ታክሲ ማቆሚያው ወረደች።

ታክሲው ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ አለቀሰች። ተናዳ ቢሆን በቀለላት። የከፋት ሊያስደስታት ይህን ያህል መልፋቱ፣ ሲለፋ ግን እሷን አንዴም አለማየቱ ነው።

＊

ሁለቱ የተዋወቁትም በጠብ ነበር።

የመሐንዲሱ አባት ድርጅት በትምህርት ቤቱ ግቢ አዲስ የመማሪያ ሕንፃ ይሠራ ነበር። የኮንክሪት ሚክሰሩ ከስምንተኛ ክፍል መስኮት ሥር ተተክሎ ከጠዋት እስከ ማታ ያጓራል። መምህርቷ አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቻለችው። በሦስተኛው ቀን በሩን በርግዳ ወጣችና ሲሚንቶ ለብሶ እንደ ዱቄት የነጣው ወጣት ላይ አፈጠጠች።

"አንተ ሲሚንቶ! ወይ ማሽንህን ዝም አሰኝ፣ ወይ ግባና አንተ አስተምር!"

ልጆቹ በመስኮቱ አጨበጨቡ። ወጣቱ ማሽኑን አጠፋ። "ቲቸር፣ በስንት ሰዓት ነው የምትወጪው? ከዚያ በኋላ እናቦካለን" አለ ራሱን እያከከ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚክሰሩ የሚነሳው የመውጫው ደወል ሲደወል ሆነ። ደወሉ ሲደወል መሐንዲሱ ራሱም በሩ አጠገብ አይጠፋም። ሕንፃው አልቆ ከተመረቀ በኋላ እንኳ በሩን መጠበቁን አልተወም። "ሲሚንቶ" የሚለው ስድብም ቀስ እያለ "ሲሚንቶዬ" ወደሚለው ተቀየረ።

ከእሑዱ ጠብ ማግሥት፣ ሰኞ ጠዋት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስትገባ፣ የጂኦግራፊው መምህር ገና ፊቷን አይቶ ወንበር ሳበላት። ባልደረቦቹ "ካርታው" ይሉታል፤ ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የሁለት ልጆች አባት።

"ፊትሽ ዝናብ ያረገዘ ደመና መስሏል። ምን ሆነሽ ነው?"

ነገረችው። ካርታው እስክትጨርስ ጠብቆ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

"ቢሮ፣ ደሞዝ፣ መስኮት ሳይቀር ሰጡሽና ከፋሽ? አንቺ ልጅ፣ ለኔ ስጪኝ!"

"አትቀልድ።"

"አልቀለድኩም። ፊዚክሱ ባንክ ገባ። እንግሊዝኛዋ ውጭ ሄደች። እኔስ ምን እጠብቃለሁ?" ድምፁ ዝቅ አለ። "ማስተማሩን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። ክፍል ስገባ ዛሬም ደስ ይለኛል። ግን ልጆቼ በወሩ መጨረሻ ፊቴን አይተው 'አባዬ፣ ዛሬ ምንም አንጠይቅህም' ማለት ጀምረዋል። እሱ ነው የሚያመኝ።" ወደሷ ዘንበል ብሎ፣ "አንቺን ግን ምንድነው የያዘሽ?" አላት።

ደሞዙ እንዳልያዛት የታወቀ ነው። አንዴ ልትለቅ ጫፍ ደርሳ ነበር፤ በቀድሞው ዳይሬክተር ጊዜ። ሰውየው መምህራንን ተማሪ ፊት ነበር የሚቆጣው፤ አስተያየት የሰጠ ሁሉ ጠላቱ ነበር። እሱ ተዛውሮ አሁን ያሉት ሴት ዳይሬክተር ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት እያንዳንዱ ክፍል ገብተው ከኋላ ወንበር መቀመጥ ነው። ከሷ ክፍል ሲወጡ "ምን ላስተካክልልሽ?" አሏት። "ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ታበራለች፤ ከኋላ ያሉት አያነቡም" አለች፣ ምንም እንደማይደረግ እርግጠኛ ሆና። ሳምንቱ ሳያልቅ መስኮቱ መጋረጃ ለበሰ። መጋረጃው ከአሮጌ አንሶላ የተሰፋ ነበር፤ ግን ያን ቀን እንደ አዲስ ተቀጣሪ እየተፍለቀለቀች ነው ያስተማረችው።

ይህን ለካርታው እንዴት ትነግረዋለች? "በአንሶላ ምክንያት ቀረሁ" ብትለው ዓመት ሙሉ ይስቅባታል።

ቤት ስትገባ ደግሞ እናቷ አላስቀመጧትም። ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ "የመጣልሽን ሲሳይ በእግርሽ አትግፊ" አሏት። "ሰውየው ይወድሻል፣ እናቱም ወደዱሽ። ስንቷ ባማቷ ስትነድ ትኖራለች!"

"እማዬ፣ የወደዱት እኔን ይሁን ሌላ ሰው አላወቅኩም።"

እናቷ መኪናውን አቆሙና ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

ሳምንቱ በዝምታ ገፋ። መሐንዲሱ በስልክ "ሰላም ነሽ?" ብሎ ጻፈላት። "ይቅርታ" ብላ ጻፈችና አጠፋችው፤ "ናፈቅኸኝ" ብላ ጻፈችና አጠፋችው፤ በመጨረሻ "ሰላም ነኝ" ብላ ላከች። ከ"ሰላም ነኝ" የባሰ ጠብ የለም። እሱም አንብቦት ስልኩን በግንባሩ ደፋው። ሁለቱም በየቤታቸው ሌላው እንዲደውል እየጠበቁ፣ ሁለቱም በየቤታቸው "በቃ፣ አበቃ ማለት ነው" እያሉ ሰነበቱ።

＊

ሐሙስ የጣለው ዝናብ ነፋስ ቀላቅሎ የአሮጌውን ሕንፃ ጣሪያ ገነጠለ። ከስምንተኛ ክፍል አጠገብ ያለው ክፍል ቆርቆሮው ተነቅሎ ኮርኒሱ ተዘረገፈ። ዳይሬክተሯ ለድርጅቱ ደወሉ። አባትየው አንድ ፎርማን ሊልኩ ሲሉ መሐንዲሱ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። "እኔ እሄዳለሁ።"

"ለሁለት ቆርቆሮ አንተ?"

"እንጨቱንም ማየት ያስፈልጋል" አለ። ራሱን ያታለለው በዚሁ ነው።

አርብ ጠዋት በትምህርት ቤቱ የኋላ በር ገባ። ሊያገኛት ፈለገ፤ ደግሞ ፈራ። መሰላሉን አስደግፎ ከአንድ አናጢ ጋር ወጣና በአግዳሚዎቹ መካከል ደረቱን ወደ እንጨቱ አስጠግቶ የበሰበሰውን እየነካ ሄደ። ሁለቱን ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ እስከ ጣሪያው አይደርስም። በክፍተቱ በኩል ድምፅ መጣ።

የሷ ድምፅ ነው።

መሐንዲሱ ባለበት ቀረ። ድንገት አንድ ነገር ገባው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲወዳት አንድ ቀን እንኳ ስታስተምር አይቷት አያውቅም። እሱ የሚያውቃት ደወሉ ከተደወለ በኋላ ነው።

ወደ ክፍተቱ ተጠግቶ ቁልቁል አየ። የፈረሰው ክፍል ልጆችም መጥተው ተዳብለው በአንድ ወንበር አራት አራት ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ጎነ ሦስት ተስሏል። መምህርቷ እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኑ ቆማለች።

"የየትኛውም ጎነ ሦስት ሦስቱ ማዕዘኖች አንድ ላይ ሲገጠሙ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራሉ ብያችኋለሁ። አንቺ ስላልሽ አናምንም በሉኝ። ማነው የሚያሳየኝ?"

ብዙ እጅ ወጣ። እሷ ግን እጅ ወዳልወጣበት፣ መስኮቱ ሥር ወዳለው ጥግ ነበር የምታየው። "ነይ እስቲ" አለች።

አንዲት ቀጭን ልጅ ቀስ ብላ ተነሳች። ክፍሉ በጉምጉምታ ተሞላ፤ "ጭምቷ! ጭምቷ ወጣች!" ልጅቷ ጠመኔውን ተቀብላ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ቆመች። ምንም አልጻፈችም።

መሐንዲሱ ከላይ ሆኖ ጨነቀው። 'ንገሪያት እንጂ! እርጃት!' እያለ በልቡ ተማጠነ። መምህርቷ ግን አልረዳቻትም። እጆቿን አጣምራ፣ ጊዜ ሁሉ የሷ እንደሆነ ሰው፣ ዝም ብላ ጠበቀች። አንድ ልጅ ሊስቅ ሲል በዓይኗ ብቻ አስቀመጠችው። ጣሪያው ላይ አናጢው መዶሻውን ሊያሳርፍ ሲያነሳ መሐንዲሱ ክንዱን ያዘው።

"ምነው?" አለ አናጢው በሹክሹክታ።

"ዝም በል፤ እያሰበች ነው።"

ከዚያ ልጅቷ እጇን አነሳች። ከጎነ ሦስቱ አናት ላይ፣ ከታችኛው ጎን ጋር ትይዩ የሆነ አንድ መስመር አሰመረች። ጠመኔው ሲጥ ሲጥ አለ። በማይሰማ ድምፅ ማስረዳት ጀመረች፤ ድምጿ ግን እየወፈረ ሄደ። "ይቺ ማዕዘን ከዚህችኛዋ ጋር እኩል ናት። ያቺም ከዚያችኛዋ ጋር። ስለዚህ ሦስቱም እዚህ ተገናኙ።"

ክፍሉ "ኧኧኧ!" አለ። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ ተነስቶ፣ "ቲቸር፣ እሷ ከተናገረች ዛሬ ዝናብ መጣ ማለት ነው!" ሲል፣ ጭምቷ ፈገግ ብላ "ትናንት የመጣው አንተ ዝም ስላልክ ነው" ብላ መለሰችለት።

መምህርቷ ሳቀች። ራሷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ከሆዷ፣ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች፤ ጠመኔውም ጉንጯን ነጭ አደረገው። ልጆቹም ሁሉ አብረዋት ሳቁ።

መሐንዲሱ ይህን ሳቅ አያውቀውም። ለሱ የምትስቀው ሌላ ነው፤ ጣፋጭ፣ ለስላሳ፣ በቀኑ መጨረሻ የሚተርፍ ሳቅ። ቀና። አዎ፣ ዕድሜውን በሲሚንቶና በብረት መካከል የጨረሰ ሰው በስምንተኛ ክፍል ልጆች ቀና።

የበለጠ ሊያያት ክንዱን ሲያንቀሳቅስ የኮርኒስ ቁራጭ ተፈንቅሎ ወደቀ። አቧራው በፊተኛው ረድፍ ላይ ቦነነ።

"ቲቸር! ጣሪያው ላይ ሰው አለ!"

ሁሉም አንጋጠጡ። እሷም አንጋጠጠች። ጥቀርሻ የጠገበው ፊቱ መሃል ዓይኖቹ ብቻ ያበራሉ፤ እንባ አዝለዋል። ተያዩ። ለምን እንደመጣ፣ ለምን እንደቆየ፣ ለምን ዓይኑ እንደዚያ እንደሆነ ልትጠይቀው አትችልም።

"ሥራችሁን ቀጥሉ" አለች። ለልጆቹ ይሁን ለሱ አልታወቀም። ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ እጇ ውስጥ ያለው ጠመኔ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ልቧ ግን፣ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀለል አላት።

＊

ደወሉ ሲደወል መሐንዲሱ ከመሰላሉ ሥር ቆሞ ነበር። ልጆቹ ከበቡት። "ጣሪያው ሰውዬ!" እያሉ ይስቃሉ። መምህርቷ "በሉ፣ ወደ ጨዋታችሁ!" ብላ በተነቻቸውና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ የነበርከው?"

"ጭምቷን ከመጥራትሽ በፊት ጀምሮ።"

"ልጆቹ ሲጠሯት ሰምተህ ነው?"

"የለም፣ ቀድሞ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ባለፈው ወር፣ ስልክ ላይ። 'አንዲት ጭምት ልጅ አለች፤ ዓመቱን ሙሉ ድምጿን አልሰማሁም፤ ልታሳብደኝ ነው' አልሽኝ።" ራሱን ነቀነቀ። "እኔ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሸክም ብዬ መዘገብኩልሽ።"

መምህርቷ ዓይኗ ፈጠጠ። እያዛጋ የሚያዳምጣት ይመስላት ነበር። ለካ እያንዳንዱን ቃል ይዞታል፤ የያዘው ግን አጣሞ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ምኑን?"

"እንደዚህ እንደምትስቂ።"

እሱም ቀጠለ፤ "እኔ ጋ የሚደርሰው ድካምሽ ብቻ ነው፣ ቲቸር። ጉሮሮሽ፣ እግርሽ፣ የደብተሩ ክምር። ሥራው ቀን በቀን እየበላሽ መሰለኝ። የምወዳትን ሴት ከጅብ አፍ የማስጥላት መስሎኝ ነበር።"

"ድካሜን የማራግፍበት ሌላ ትከሻ የለኝማ!" አለች። ጮክ ብላ ጀመረችው እንጂ መሃል ላይ ድምጿ ተሰበረ። "ደስታውን እዚሁ ከልጆቹ ጋር እጨርሰዋለሁ። ላንተ የማመጣልህ..." ቆም አለች። "ላንተ የማመጣልህ ትርፍራፊውን ነው። ይህን ዛሬ ነው ያወቅኩት።"

"ትርፍራፊውም ይጣፍጣል።"

"አትቀልድብኝ! ሰው የሚወደውን ነው የሚያማርረው። አንተ 'እናቴ ጨቀጨቀችኝ' ስትለኝ ሌላ እናት ላፈላልግልህ ብዬህ አውቃለሁ?"

መሐንዲሱ ሳቀ፤ ሲስቅ ጥርሱ በጠቆረው ፊቱ ላይ በራ። እሷም ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልተሳካላትም።

"እና በሥራሽ ያፈርኩ መስሎሽ ሳምንት ሙሉ አለቀስሽ?"

"አንተስ ጤና የጎደለኝ መስሎህ ሳምንት ሙሉ ዘጋኸኝ?"

"ሁለታችንም ወድቀናላ" አለ። "ድጋሚ ፈተና አለው?"

"ለሰነፍ ተማሪ አለው።" ሳቋ ቀስ ብሎ ረገበ። "ስማኝ ግን። ቅድስት እንዳታደርገኝ። እስከ ዕለተ ሞቴ እዚህ እኖራለሁ ብዬ አልምልልህም። እኚህ ዳይሬክተር ሄደው እንደ በፊቱ ያለ ሰው ቢመጣ፣ ልጆቹ መቶ ቢሞሉ፣ የሚጠይቀኝ ሰው ባጣ፣ አንድ ቀን እለቅ ይሆናል። ደሞዙም ቢጨመር አልቀየምም። ግን ስለቅ እኔ ልልቀቀው። ሌላ ሰው አይልቀቅልኝ።"

"እኔ ምን ላድርግልሽ ታዲያ?"

"ሳማርር ስማኝ። አታስተካክለው፤ ስማኝ ብቻ።" አሰብ አድርጋ ጨመረች፣ "ጣሪያውን ግን አስተካክለው።"

ጠመኔ የነካውን ጉንጯን በአውራ ጣቱ ሊጠርግላት ሞከረ። ጣቱ ጥቀርሻ ነበርና ነጩን ጥቁር አደረገው። አልነገራትም። በመስኮቱ ተሰልፈው የሚያዩዋቸው ልጆች በሳቅ ሲፈነዱ፣ እሷ በሌላ ነገር የሚስቁ መስሏት አብራቸው ሳቀች። ቀኑን ሙሉ ብታፍር እንኳ ግድ አልነበራትም።

＊

"ለእናትህ እኔ ነኝ የምነግራቸው" አለችው፤ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ፊቷን ታጥባ አብራው ወደ ድርጅቱ ሄደች።

እትዬ ቢሯቸው ውስጥ ነበሩ። መምህርቷ ቆማ፣ ክፍል ፊት እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ተናገረች። "እትዬ፣ ያሰቡልኝን ሁሉ አከብራለሁ። ቢሮውን ግን አልቀበልም። ማስተማሬን እቀጥላለሁ።"

የሴትየዋ ፊት ጠቆረ። መምህርቷ ቁጣ ስትጠብቅ፣ ያየችው ግን ፍርሃት ሆነ።

"ተቀመጪ" አሏት። መስኮቱን እያዩ፣ "አባቴ መምህር ነበር" አሉ።

በሩ ላይ የቆመው መሐንዲስ ቀና አለ። ይህን ሰምቶ አያውቅም። ስለ አያቱ "ሳትወለድ ሞቱ" ከመባሉ በቀር ምንም አልተነገረውም።

"ዕድሜውን ሙሉ አስተማረ። ከተበሳ ጫማው ውስጥ ካርቶን ያደርግ ነበር። ሲሞት ትልልቅ ባለሥልጣናት፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎች 'አስተማሪያችን' እያሉ ሬሳውን ተሸክመው አለቀሱ። መንገዱ ጠበበ። በማግሥቱ ግን እናቴ የሰው ልብስ ልታጥብ ወጣች። ከአልቃሾቹ አንዱም ቤታችንን ዞሮ አላየም።" እጃቸውን ዘርግተው የመምህርቷን ቀኝ እጅ ገለበጡት፤ ጠመኔ ያደረቀው የጣቶቿን ጫፍ አዩ። "መጀመሪያ ስትጨብጪኝ ይሄን እጅ አወቅሁት። ንቄሽ አይደለም ልጄ። ፈርቼልሽ ነው።"

ሳምንት ሙሉ በልቧ ስትሟገታቸው የነበሩት ኩሩ ባለሀብት ጠፍተው፣ እናቷን ከልብስ ማጠቢያው ጎን ቆማ የምታይ ልጅ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች።

"የፈሩት ነገር ውሸት አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "እኔም ሌሊት ሌሊት እፈራዋለሁ። ግን አባትዎ ሸክሙን ብቻቸውን ነው የተሸከሙት። እኔ ብቻዬን አይደለሁም።" በሩን በዓይኗ ጠቆመች። "እርስዎም እንዲህ እየፈሩልኝ ብቻዬን ልሆን አልችልም።"

እትዬ እጇን አልለቀቁም።

"ምን ነበር የሚያስተምሩት?" አለች መምህርቷ።

"እ?"

"አባትዎ። ምን ያስተምሩ ነበር?"

ብዙ ዘመን ይህን የጠየቃቸው ሰው እንደሌለ ከፊታቸው ታወቀ። "ሰዋስው" አሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "ወይ ጉድ! ገበያ ይዞኝ ሲሄድ የነጋዴውን ዓረፍተ ነገር ያርም ነበር። 'ሽንኩርቱ ነው የተወደደው እንጂ ሽንኩርቷ አይደለችም!' ይለዋል። ነጋዴው ተናዶ ሽንኩርቱን ይነጥቀናል። ባዶ ዘንቢል ይዘን እየተሳሳቅን እንመለሳለን።" ሳቁ፤ እንባቸውም አብሮ ወረደ። "ይስቅ ነበር፣ ታውቂያለሽ? ከክፍል ሲወጣ ሁልጊዜ እየሳቀ ነበር። ረስቼው ነበር።"

መሐንዲሱ መጥቶ የእናቱን ትከሻ ከኋላ አቀፈ። "እኔም ዛሬ ነው ያየሁት እማዬ" አላቸው።

ትንሽ ቆይተው እትዬ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ወትሮው ድምፃቸው ተመለሱ። "ያ ቢሮ ታዲያ ባዶውን ይቀመጥ?"

"አንድ የጂኦግራፊ መምህር አለን። እሱ የምሩን መልቀቅ ይፈልጋል። ሰው ማስተዳደር ይችላል፤ ያን ሁሉ ጎረምሳ በቀልድ ነው የሚገዛው።"

"ወደ አትክልት የሚያይ መስኮት ይወዳል?"

"እትዬ፣ የልጆቹ ሆድ ከጠገበ መስኮት ባይኖረውም ይወዳል።"

"ይምጣ፣ አነጋግረዋለሁ። ዳይሬክተርሽ ግን ታዝንብኛለች።"

"ያዝናሉ። እኔም አለቅሳለሁ" አለች መምህርቷ፤ እውነቷን ነው።

"በሉ እሺ" አሉ እትዬ ሁለቱንም እያፈራረቁ እያዩ። "ቢሮውን እምቢ ብለሽኛል። ሠርጉንስ እምቢ ልትይኝ ነው? በሚቀጥለው ወር አዳራሽ እይዛለሁ።"

"በሚቀጥለው ወር?" መምህርቷ ደንገጥ ብላ ተነሳች። "በሚቀጥለው ወርማ የማጠቃለያ ፈተና ነው! ከዚያ ማረም አለ፣ ውጤት መሙላት አለ። ትምህርት ከተዘጋ በኋላ ካልሆነ..."

እትዬ አላስጨረሷትም። ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ወይኔ አባቴን! እናቴን ሊያገባ ቀን ተቆርጦ 'ፈተና ሳላርም አላገባም' ብሎ ሠርጉን ያስገፋ ሰው ነበር እኮ! እናቴ እስክትሞት አልማረችውም!"

መሐንዲሱ "እኔ እምራለሁ" ብሎ እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እንደ ተማሪ። መምህርቷ አየችው። እናቱ ገና እየሳቁ ነው፤ ውጭ የድርጅቱ መኪናዎች ይወጣሉ፣ ይገባሉ፤ የከሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። እሷም ወንበሯ ላይ ለቀቅ ብላ ተደገፈች። ስትመጣ ደረቷ ላይ የነበረው ነገር የት እንደሄደ አላወቀችም። ከዚህ ሁሉ ሳቅ መካከል የራሷ ሳቅ ራቅ ካለ ቦታ የመጣ ያህል ተሰማት፤ ከሆዷ፣ ራሷን ወደ ኋላ ያስጣለ፣ ሙሉ ሳቅ።